ዋንጫው ማን ቤት አደረ?

ከማንኛውም ዝግጅት ፍጻሜ በፊት ተነሥቶ መውጣት የቆየ ልማዴ ነው። ሠርግ ከሆነ ኬኩ ሳይቆረስ ቦርሳዬን አነሣለሁ፤ ኳስ ከሆነ 80ኛው ደቂቃ ላይ ወደ በሩ እጠጋለሁ። ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ልማድ በቂ ምክንያት አለው። ሕዝቡ አንድ ላይ ሲወጣ የታክሲው ሰልፍ ይረዝማል፣ ሲመሽ ደግሞ መንገዱ እየተቆራረጠ ሒሳቡ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርሁት ብልሃት የሌላውን ሰው መነሣት አለመጠበቅ ነው። ባለፈው ጥር ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳልወጣ ቀረሁ። ያ ከሰዓት እስከ ዛሬ ድረስ ከሐሳቤ ሊወጣ አልቻለም።

ጊዜው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነበር። የአኒሜና የማንጋ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን ፊልሞችና የሥዕል ታሪኮች፣ ወዳጆች ከዓርብ እስከ እሑድ የሚቆይ ትልቅ ኮንቬንሽን፣ ከአያት አደባባይ አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አዳራሽ ውስጥ ተሰናዳ። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ «ጣፎ! ጣፎ!» የሚሉት ሚኒባሶች ይረከባሉ። ሕንፃው ሳሳ እያለ ሲሄድ ሜዳው ይገለጣል፣ በስተደቡብ ምሥራቅ በኩልም የረር ተራራ በጥር ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓርብንና ቅዳሜን ስለማስታውስበት መንገድ እውነቱን ብናገር፣ አብዛኛውን የማስታውሰው ስልኬ ውስጥ ካሉት ፎቶዎች ነው። መግቢያው ላይ ሰልፍ፣ ፖስተር መግዣው ላይ ሰልፍ፣ የኮስፕሌይ ውድድሩን፣ ማለትም እንደ ታሪኮቹ ገጸ ባሕርያት ለብሰው የሚቀርቡትን፣ ለማየት ግፊያ፣ የፊፋ ጌም ውድድሩ አጠገብ ጩኸት። አላማርርም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በሁለቱ ቀናት ውስጥ ከአንድም ሰው ጋር ከሦስት ዐረፍተ ነገር በላይ አልተነጋገርሁም።

ሪሲቨሩ የተቆለፈበት ዓመት

እሑድ ዕለት የሆነውን ለመናገር መጀመሪያ ወደ ኮተቤ መመለስ አለብኝ። በ1990ዎቹ ውስጥ በሰፈራችን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ዲሾች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ሲሉ አባታችንም አንዱን አስተከለልን። በ2000 እ.ኤ.አ. ሥርጭት የጀመረው ስፔስቱን የተባለው የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ ፕሮግራሞቹን በፕላኔት በፕላኔት ይከፋፍላቸው ነበር፤ ከእነዚያ ሁሉ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ የሚበልጥብን የስፖርቱ ፕላኔት ነበር። ካፒቴን ማጂድ የተባለው የእግር ኳስ ካርቱን የሚታየው እዚያ ነው። ማጂድ በትውልድ አገሩ ስሙ ትሱባሳ መሆኑን፣ ዮይቺ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ በ1981 እ.ኤ.አ. በሳምንታዊ መጽሔት ላይ መሳል የጀመረው ማንጋ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ያኔ ለእኛ ማጂድ ማጂድ ብቻ ነበር።

ማጂድ ኳሷን ይዞ ሲሮጥ ሜዳው አያልቅም። ጎሉ እንደ ንጋት ፀሐይ ከአድማስ ሥር ቀስ እያለ ብቅ ይላል፤ በዚያ ሁሉ ሩጫ መካከል ተጫዋቾቹ ያስባሉ፣ ያወራሉ፣ ያለፈውን ያስታውሳሉ። ያንን ሁሉ ወንድሜ አንዲት ቃል ሳያስቀር ወደ አማርኛ ይመልስልኝ ነበር። «አሁን ምን አለ?» እለዋለሁ። «ይህን ጎል ካላገባሁ ሰፈር ውስጥ በምን ዓይኔ እታያለሁ፣ አለ» ይለኛል፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። እርሱ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። ዐረብኛ አንዲት ቃል እንኳ እንደማያውቅ የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው።

ወንድሜ የማጂድ ደጋፊ ሲሆን እኔ ግን የተቀናቃኙ የባሳም ነበርሁ። ባሳም አባቱ የሞተበት፣ ገና በልጅነቱ እየሠራ እናቱንና ታናናሾቹን የሚረዳ ልጅ ነው። ጃፓኖቹ ህዩጋ ይሉታል። በግቢያችን ውስጥ በካልሲ ኳስ ስንጫወት እኔ ባሳም፣ እርሱ ማጂድ ነን፤ ዋንጫችን ደግሞ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ያሸነፈ ጣሳውን ከትራሱ አጠገብ አድርጎ ያድራል። ለአንድ ሌሊት ብቻ ቢሆንም ጣሳው ከማን ራስጌ እንደሚያድር ትልቅ ጉዳይ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ወንድሜ ሚኒስትሪ ሊፈተን ወራት ሲቀሩት እናታችን ሪሲቨሩን ነቅላ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የማጂድና የባሳም ቡድኖች ለመጨረሻው ዋንጫ ሜዳ የገቡበት ሰሞን ነበር። ፈተናው አልፎ ሪሲቨሩ ሲወጣ ታሪኩ አልቆ ሌላ ተተክቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለሃያ ዓመት ያህል ወንድሜ ማጂድ አሸነፈ ይላል፣ እኔ ባሳም አሸነፈ እላለሁ። ስልክ ከፍቶ ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። አላረጋገጥሁም። ወንድሜ ከስምንት ዓመት በፊት ወደ ካናዳዋ ካልጋሪ ሲሄድ በመካከላችን ከቀሩት የልጅነት ነገሮች አንዱ ይህ ክርክር ነበርና እንዲዘጋ አልፈለግሁም።

ሦስተኛው ቀን

እሑድ ጠዋት የመጣሁት አንድ ፖስተር ረስቼ ስለነበር ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመውጣት አስቤ ነበር። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ከቅዳሴ የመጡ ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዘዋወራሉ፤ ወለሉ ላይ በእግር የተረገጠ ባለቀለም ወረቀት ተበትኗል። በር ላይ ቡና የምታፈላው ሴት ቅዳሜ ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ እሑድ ግን ሦስተኛውን እስክጠጣ አልለቀቀችኝም።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህ አባባል በእውነት ሲተረጎም አየሁ። ቅዳሜ ዕለት መድረክ ላይ ያጨበጨብሁላት አንዲት ልጅ የብረት ጥሩር የለበሰች ተዋጊ ሆና ነበር የቀረበችው። እሑድ አጠገቧ ቆሜ ሳየው ጥሩሩ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ነው፤ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ በላዩ ላይ የመኪና ስፕሬይ ተነፍቶበታል። ቀኝ ትከሻዋ ላይ ያለው ቁራጭ ለቅቆ ቢጫው ስፖንጅ ወጥቷል። እናቷ አጠገቧ ተንበርክካ በመርፌና በሲባጎ ትጠግነዋለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠስ ስታደርገው ብርማው ቀለም ከንፈሯ ላይ ቀረ። «ማስቲሹ ሁለት ቀን ነው የሚችለው ብዬሽ ነበር» አለቻት። ልጅቱ በዚያን ዕለት ውድድር የለባትም፣ ሽልማትም የለም፤ ለመልበስ ብላ ብቻ ለብሳ ነው የመጣችው። ቅዳሜ የተመለከትሁት ልብሱን ነበር፤ እሑድ ግን የመገጣጠሚያውን ስፌት አየሁ፣ የሠራችውንም እጅ አየሁ።

ራሱ የሣላቸውን ሥዕሎች የሚሸጥ አንድ ወጣትም ነበር። ቅዳሜ ፊቱ ተሰልፌ ሒሳቤን ከፍዬ ሄጄ ነበር። እሑድ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ያልተጨረሱ ንድፎች ያሉበትን ደብተሩን ገለጠልኝ። በቶኪዮ ስለሚካሄደው፣ ሰዎች ራሳቸው የሠሩትን ማንጋ ስለሚሸጡበት ኮሚኬት ስለሚባለው ጉባኤ ያጫወተኝ እርሱ ነው። በታኅሣሥ 1975 እ.ኤ.አ. ሲጀመር 32 ቡድኖችና 700 ያህል ሰዎች ብቻ እንደነበሩበት፣ ዛሬ ግን ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ እንደሆነ ነገረኝ። ከሁሉም ያስገረመኝ እዚያ ገዥ፣ ሻጭ፣ እንግዳ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው፤ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠውም፣ ሊገዛ የመጣውም እኩል «ተሳታፊ» ነው የሚባለው። የመዝጊያው ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ሲነገርም በአዳራሹ ያለው ሁሉ ያጨበጭባል። ለማን እንደሚያጨበጭቡ ጠየቅሁት። «እርስ በርስ ይመስለኛል» አለኝ።

ይህን ስሰማ ያለፈው ሳምንት ትዝ አለኝ። ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ ጢም ይላል፤ አብዛኞቹ ታቦታት በዚያው ዕለት ወደየመንበራቸው ሲመለሱ ሕዝቡም ይበተናል። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን የሚገባው በማግስቱ ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያልቀረችበት ቀን ያ ነው። ልጅ ሆኜ «ዋናው በዓል ትናንት አለፈ አይደል?» ስላት መልስ አትሰጠኝም ነበር፤ ነጠላዬን ብቻ ታስተካክልልኛለች።

መብራት ከጠፋ በኋላ

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት ጠፋ። አዳራሹ መስኮት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ከጣሪያው ሥር ካሉት ጠባብ መስተዋቶች በቀር ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ለጄኔሬተሩ የተከፈለው ኪራይ ስላለቀ ጠዋት በአይሱዙ ተጭኖ ሄዷል። ትርኢቱ ተቋረጠ፣ ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ብዙው ሰው ወጣ። እኔም ቦርሳዬን አነሣሁ፤ ሰዓቱም ካሰብሁት ግማሽ ሰዓት አልፎ ነበር።

በሩ ጋ ደርሼ አንድ እግሬ ብርሃኑን ረግጧል። ከኋላዬ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ አንድ ሰው ያንን የካፒቴን ማጂድን የዐረብኛ የመክፈቻ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ። ቃላቱን ያውቃል ለማለት አልችልም፤ ድምፃቸውን ግን አንድ በአንድ ያውቃል። ሁለተኛ ሰው ተቀበለው፣ ሦስተኛም ተከተለ። የአንዳቸው ቃል ከሌላው ቃል አይመሳሰልም፤ ዜማው ግን አንድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔና ወንድሜ ብቻ በኮተቤ ግቢ ውስጥ የምናውቀው ይመስለኝ የነበረውን ነገር አርባ የሚሆኑ የማላውቃቸው ሰዎች በጨለማ ይዘምሩታል። ተመለስሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ጨዋታው ተጀመረ። «የመጨረሻውን ጨዋታ ያያችሁ አላችሁ?» አለ አንዱ። ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከወዲያም ከወዲህም መልስ መጣ፣ ሁሉም መልስ ግን የሚጀምረው በአንድ ዓይነት አነጋገር ነበር፦ «እህቴ እንዳለችኝ ከሆነ…»፣ «ወንድሜ ሲተረጉምልኝ…»፣ «የጎረቤታችን ልጅ እንደነገረን…»። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በየቤቱ አንድ አስተርጓሚ ነበረ። በየቤቱ ዐረብኛ የማያውቅ ታላቅ ልጅ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ ለታናሹ ብሎ አንድ ሙሉ ታሪክ እየፈጠረ አሳድጎታል። ጨርቆስ ያደገችው ሴት ቤት ማጂድ እግሩ ተሰብሮ በአንድ እግሩ አግብቷል። አውቶቡስ ተራ ያደገው ሰው ቤት ባሳም እናቱ ታማበት ጨዋታውን ጥሎ ሄዷል። የአንዲት ሴት ታላቅ እህት ሁለቱ ቡድኖች ተጣልተው ዳኛው አስታረቃቸው ብላ ነግራታለች፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው።

አንድ ጎልማሳ ሰው ግን ሲናገር ቆየት ብሎ ነው። በልጅነቱ ቁርአን ቤት ስለተማረና የካርቱኑ ዐረብኛም የመጽሐፍ ዐረብኛ ስለነበር ግማሹን ይሰማ እንደነበረ፣ በዚህም ምክንያት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቤታቸው እየመጡ እርሱ እንደሚያስተረጉምላቸው ነገረን። «‹ሀደፍ› ሲል ጎል ማለቱ ነው፤ እሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አለ። እውነትም ሁላችንም እናውቅ ነበር። «የሌላውን ግን ያልሰማሁትን እጨምርበት ነበር። ልጆቹ ዝም ብለው ያዩኛል፣ ምን ላድርግ?» ይህን ያለው እንደ መናዘዝ ዓይነት በተሰበረ ድምፅ ነበር፤ ማንም አልሳቀበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚባለውን ከዚያ ቀን በፊት ስለ ዕቃ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ መካከል የአዳራሹ ጥበቃ ቁልፋቸውን ይዘው መጡ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ካፖርት የደረቡ ሰው ናቸው። ሊዘጉ ነበር የመጡት፤ ግን በሩ መቃን ላይ ተደግፈው ያዳምጡ ጀመር፣ ትንሽ ቆይተው ወንበር ሳቡ። «ታዲያ ማን አሸነፈ?» አሉ።

ያኔ ከጥግ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ በክፍል ውስጥ ያለ ይመስል። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ ትልልቆቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ዝም ብሎ ጠብቋል። «ይቅርታ፣ እኔ ማንጋውን አንብቤዋለሁ። ልናገር ወይስ ይቅር?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ ያወቀውን ነገር በእኛ ላይ ሊጥልብን አልፈለገም። እርስ በርሳችን ተያየን። እኔ ይቅር ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። የጥበቃው ሰውዬ ቀደሙኝ፦ «ተናገር፣ ልጄ።»

«እኩል ነው የወጡት» አለ። «ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው 4 ለ 4። ሁለቱም ሻምፒዮን ተባሉ።»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። ልጁ የሳተ መስሎት ፈጠን ፈጠን እያለ ቀጠለ፤ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ተከታታይ 128 ክፍል እንደነበረው፣ ማንጋው ግን ከዚያ ጨዋታ በኋላም እንደቀጠለ፣ ደራሲው በመጽሔት ላይ መሳሉን በ2024 እ.ኤ.አ. ቢያቆምም ታሪኩን በረቂቅ ንድፍ በኢንተርኔት እየቀጠለው እንደሆነ አስረዳን። ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው። የጥበቃው ሰውዬ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። «እኩልስ ይውጡ» አሉ፣ ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወሩ፣ «ዋንጫው ማን ቤት አደረ?»

ልጁ ግራ ተጋባ። «እሱን ልብ አላልሁም፣ አባባ» አለ።

ማጨብጨብ የጀመረው ማን እንደሆነ አላየሁም። ሥዕል የሚሸጠው ወጣት ሳይሆን አይቀርም። ሁላችንም አጨበጨብን፤ ለልጁ፣ ለጥበቃው ሰውዬ፣ በየቤቱ ለነበሩት አስተርጓሚዎች። የስፖንጅ ጥሩር የለበሰችው ልጅ ትከሻዋን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው እጇ ጭኗን እየመታች ታጨበጭብ ነበር።

ወደ ካልጋሪ የተደወለ ስልክ

ስንወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የታክሲ ሰልፉ የፈራሁትን ያህል ረጅም ነው፤ የተሰለፉት ግን እነዚያው አርባ ሰዎች ናቸው። የረር ላይ የቀረው ብርሃን እስኪጠፋ ድረስ ሰልፉ ውስጥ ቆመን ስንጫወት መኪና መጥቶ መሄዱን ልብ ያላልንበት ጊዜ ነበር። ስለ ቀደሙት ሁለት ቀናት አሰብሁ። ዓርብና ቅዳሜ በአዳራሹ ውስጥ የፈለግሁት ነገር ሁሉ ነበረ፤ ልዩነቱ የመጣው የሚታየው ነገር ሲያልቅ ነው። የሚታይ ነገር እያለ ሁላችንም ፊታችን ወደ መድረኩ ነበር። መድረኩ ሲጨልም ወደ እርስ በርስ ዞርን። ከስንት ሠርግ፣ ከስንት ስብሰባ በር ላይ ይህንን ሰዓት ጥዬ እንደወጣሁ ለመቁጠር ሞከርሁና ተውሁት።

ካልጋሪ ገና ጠዋት ስለሆነ እዚያው ሰልፉ ላይ ሆኜ ወንድሜ ጋ ደወልሁ። «እኩል ወጡ» አልሁት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም። «4 ለ 4። ሁለቱም ሻምፒዮን ናቸው።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። «ማን ነገረሽ?» አለኝ በመጨረሻ። ነገርሁት። «እኔ ካነበብሁት አሥር ዓመት ሆነኝ» አለ።

«ታዲያ ለምን ማጂድ አሸነፈ ስትለኝ ኖርህ?»

«አንቺ ባሳም አሸነፈ ትይ ስለነበር ነዋ።»

የጥበቃውን ሰውዬ ጥያቄ አቀረብሁለት። ወዲያው መለሰ፤ ስለየትኛው ዋንጫ እንደምጠይቀው እንኳ አላጣራም። «ጣሳው እማዬ ጋ ነው። ጓዳ ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ኮተቤ ሄድሁ። ጣሳው ወንድሜ ባለኝ ቦታ ነበር፤ እናቴ ጥሬ ቡና ታስቀምጥበታለች። የውጭው ሥዕል ሙሉ በሙሉ ለቅቋል፤ ሥሩን ብገለብጠው ግን በሚስማር የተጫሩት ምልክቶች በዝገቱ መካከል ይታያሉ፤ በአንድ በኩል «ማ»፣ በሌላው በኩል «ባ»፣ ከሥራቸውም ሰረዞች። ማጂድ 14፣ ባሳም 9። እናቴ ምን እንደምቆጥር አልጠየቀችኝም። ቡናውን ወደ ፌስታል ገለበጠችው፣ ጣሳውን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ሰጠችኝ፤ በዚያን ሌሊት እኔ ቤት አደረ።